ሦስት ጊዜ የታጠበ ጨው

በዚህ ጽሑፍ የሚገቡት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ያደረጉትና የደረሰባቸው ይበቃል። መጀመሪያ ባለቤቴ ናት፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከደጋ አግብቻት አብራኝ ወደ ቆላ የወረደች፣ ቀጭን ድምፅ የነበራት ሴት። ሁለተኛዋ ታላቋ ልጄ ናት። ባሏ ትራክተር ነጂ ስለሆነ ከእርሻ እርሻ ይዞራል፤ እሷ የምትኖረው እኛው ግቢ ውስጥ ነው። ሦስተኛዋ ለቀን ሠራተኞቻችን ምግብ የምታበስል የጎጃም ሴት ናት፤ ምላሷ ስለት አለው። አራተኛዋ ከቀበሌው ጤና ኬላ የምትመጣ ወጣት የጤና ሠራተኛ ናት። አምስተኛው እኔ ነኝ። አንዲት ስድስተኛም አለች፤ እሷ ግን የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ማን ምን እንደከፈለ ያኔ እቆጥራለሁ።

ቤታችን መተማ፣ ከኮኪት ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ሰሊጥና ማሽላ እናርሳለን። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት የማዳበሪያና የዘር ጆንያ ላይ የተጻፈውን እየገመትኩ ነው። ያለ አስተማሪ በመማሬ እኮራለሁ፤ ኩራቴም ልክ አልነበረውም። ቤቴ ውስጥ ምግብ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ልብስ በቀኑ ይታጠባል፣ ማጭድ ወደ ቦታው ይመለሳል። ልጆቼን ያሳደግሁት ሥርዓት የሌለው ቤት በር የሌለው ቤት ነው እያልኩ ነው። ዛሬም እንደዚያ አምናለሁ።

ጨውም ሥርዓት ነበረው። አዮዲን ያለው ጨው ወደ ገበያችን ሲመጣ ጆንያው ላይ ያለውን አንብቤ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሜ የገዛሁት እኔ ነኝ። አዮዲን የሚባለው ነገር እንቅርትን እንደሚከላከል ከዚያው ላይ ተረድቻለሁ። ጎረቤቶቼ ከድንበር ማዶ የሚመጣውን ርካሽ ጨው ሲሸምቱ እኔ በቤቴ አልፈቀድኩም። ነገር ግን ያመጣሁት ጨው እንዳለ ወደ ወጥ አይገባም። እናቴ ጨው የሚመጣላት በአህያ ተጭኖ፣ አፈርና ፍግ ነክቶት ነበርና ሳታጥብ አትጠቀምበትም ነበር። እኔም አርብ አርብ ለቤት የሚሆነውን በሳፋ አዘርግፌ በሦስት ውሃ አሳጥባለሁ። ከዚያ ግቢው መካከል በድንጋዮች ላይ በተጋደመ ቆርቆሮ ላይ ይሰጣል። ሁለት ቀን ሙሉ የመተማ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። «ፀሐይ የማይገድለው ቆሻሻ የለም» እላቸው ነበር። ሲደርቅ ነጭነቱ ዓይን ይወጋል። እጣቢውን አንደፋም፤ ከብት ጨዋማ ውሃ ይወዳልና ለበሬዎቹ እንሰጣለን።

የሠራተኞቹ ካምፕ ጨው ከዚያው ጆንያ ነው የሚወጣው፤ ግን አይታጠብም። «የቀን ሠራተኛ ሆድ ድንጋይ ይፈጫል» ብያለሁ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም።

መጀመሪያ የተለወጠው የባለቤቴ ድምፅ ነው። ለማሽላ አጨዳ ሩቁ ማሳ ላይ ከአንድ ወር በላይ ሰንብቼ በታኅሣሥ ተመለስኩ። ቀትር ነበር። በቆላ ቀትር ማለት ሰው የሌለበት ሰዓት ነው፤ ሁሉም ጥላ ውስጥ ይደበቃል፣ ወፍ እንኳ አይጮህም። ግቢው ውስጥ የሚታየኝ ቆርቆሮው ላይ የሚያብረቀርቀው ጨው ብቻ ነው። በሩ ላይ ሆኜ «ቤቶች! ውሃ!» አልኩ።

ከውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ ጉሮሮው ውስጥ አሸዋ ያለበት የሚመስል፣ «ቆይ፣ መጣሁ» አለኝ።

የወንድ ድምፅ መሰለኝ። ዱላዬን ጨብጬ ገባሁ። ባለቤቴ በጣሳ ውሃ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ከኋላዋ ማንም የለም።

«ማነው አብሮሽ ያለው?»

ጣሳውን እንደያዘች አየችኝ። ፊቷ አበጥ ብሎ ዓይኖቿ ጠበዋል። መልስ እስክትሰጠኝ ግማሹን ውሃ ጠጥቼ ነበር።

«ማንም» አለችኝ፣ በዚያው ድምፅ።

ጉንፋን ነው ብዬ አለፍኩት። ውሻችን ግን አላለፈውም። ውሻውን ከቡችላነቱ በእጇ ያሳደገችው እሷ ናት። ያን ሰሞን ፍርፋሪ ይዛ ከወጥ ቤቱ ውስጥ ስትጠራው ጸጉሩ ይቆማል፣ ጅራቱን ሸጉጦ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ስትወጣና መልኳን ሲያይ ግራ ተጋብቶ ይተኛል። ዓይኑ ያውቃታል፣ ጆሮው አያውቃትም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጨርሶ ወደ ሠራተኞቹ ካምፕ ሄደ። ብንጎትተውም አልተመለሰም።

ከዚያ ብርዱ መጣ። ሚያዝያ ላይ መተማ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል፤ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ ነው የምትውለው። በዚያ ሐሩር ባለቤቴ ጋቢ ተከናንባ፣ ሰው ሁሉ በሸሸው ቀትር ጨው የተሰጣበት ቆርቆሮ አጠገብ ትቀመጣለች። ትንቀጠቀጣለች፣ ግን አታልብም። ወባ ይሆናል ብለን ሦስት ጊዜ አስመረመርናት፤ ደሟ ንጹሕ ነው ተባልን። ንጹሕ ከሆነ ስንፍና ነው ብዬ ፈረድኩ።

«ተነሺ እንጂ! በዚህ ሐሩር ጋቢ? ሰው ምን ይላል?»

«በረደኝ።»

«ቆላ ላይ የሚበርደው ሰነፍ ሰው ነው።»

ጥያት ሄድኩ። የበሬዎቹ ጋጣ ደርሼ ገመድ ስፈታ ነው ያ ወፍራም ድምፅ ከኋላዬ የመጣው፣ «እንግዲያው ሰነፍ ነኝ» የሚለው። የዚያን ጊዜ ነገሯ ሁሉ እንዲህ ነበር። ጠዋት ሞረዱ የት እንዳለ የጠየቅኋትን፣ ምሳ በልተን ከጨረስን በኋላ፣ ማንም ምንም ሳይናገር፣ «ከሳንቃው ላይ ነው» ትለኛለች። ሩቅ ቦታ ሆና የምትሰማን፣ ቃላችን እሷ ዘንድ እስኪደርስ መንገድ የሚወስድበት ይመስል ነበር።

ሐምሌ ላይ ልጄ በሰባት ወሯ አማጠች። ወንድ ነበር፤ አላለቀሰም። ክርስትና ስላልተነሳ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ ከግቢያችን በስተምሥራቅ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ቀበርኩት። ልጄን «ጀሪካን አትሸከሚ ብዬ ነበር» አልኳት። አራስ ቤት ተኝታ ሳለ ነው ያልኳት። የተናገርኩት ቃል ሁሉ የሚከብደኝ ሰው ነኝ፣ ከሁሉ የከበደኝ ግን ይኸኛው ነው።

የባለቤቴ ድምፅ ከተለወጠ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ጥቅምት ላይ፣ የሰሊጥ አጨዳ ደረሰ። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ካለፈበት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። በዚያ ጥድፊያ መካከል ሁለት ከወሎ የመጡ ሠራተኞች ራኩባው ሥር፣ የሣሩ ዳስ ውስጥ፣ ዕቃቸውን ሲያስሩ አገኘኋቸው።

«ወዴት ነው?»

ታላቅየው መሬት መሬት እያየ፣ «ጋሼ፣ አይቀየሙን። እኛ ከዚህ ግቢ ቀትር ላይ ውሃ አንቀዳም።»

«ለምን?»

«የሚናገር አለ። ሰው የለም፣ ጨው አለ፣ ጋቢ አለ፣ ከጋቢው ውስጥ የሚናገር አለ። የቀትር ጋኔን ነው። እኛም እናት አለችን።»

የጎጃሟ ሴት ማማሰያዋን እንደያዘች ከድስቱ ዘንድ ቀና አለች። «ኧረ የወንድ ያለህ! እትየን ፈርታችሁ ነው? ሂዱ፣ ሂዱ፤ ሽንብራ እንኳ ሲንጣጣ እኮ ትደነግጣላችሁ!»

ሌሎቹ ሳቁ። ሁለቱ ግን ሄዱ። እኔም ስለ ቀትር ጋኔን የሚወራውን አላምንም እላለሁ፤ ያን ሰሞን ግን ቀትር ላይ ወደ ቤቴ ስገባ እያሳልኩ ነበር የምገባው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ፣ ካምፑ ውስጥ አንድም ሰው እንዲህ አለመሆኑ ነው። እነሱ መሬት ላይ እየተኙ ደህና ናቸው። ክፉው ነገር የመጣው በእኔ ጣሪያ ሥር ብቻ ነው። ልጄም ድካም ጀምሯት ነበር፤ ደግሞም እንደገና ሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ሠራተኞቹ ወደ ማሳ ሲበተኑ የጎጃሟ ሴት ጠጋ አለችኝ።

«ጋሼ፣ የእትየን አንገት አይተውታል?»

«አንገቷ ምን ሆነ?»

«ነጠላዋን ገልጠው ይዩት። እኛ አገር እንቅርት ያደከማት ሴት ልክ እንዲህ ናት። ድምጿም፣ ብርዱም። እንዲህ ያለችው ሴት ደግሞ ልጅ አይጸናላትም። ልጅዎም አንገቷ ጀምሯታል።»

ሠራተኛ ፊት የተናቅሁ መሰለኝ። «እንቅርት የእናንተ የደጋዎቹ በሽታ ነው» አልኳት። «እኔ የምገዛው አዮዲን ያለውን ጨው ነው። ጆንያው ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ ብትችይ።»

«ማንበብስ አልችልም» አለችኝ። «ማየት ግን እችላለሁ።»

ወደ ቤት ገብቼ የባለቤቴን ነጠላ ገለጥኩ። አልተከላከለችም። ከጉሮሮዋ ሥር እንቁላል የሚያህል ነገር አለ፤ ስትውጥ አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ልጄን ጠርቼ ቀና በይ አልኳት፤ እሷም ላይ አለ፣ ትንሽ ነው። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስበላ የባለቤቴን አንገት አይቼ አላውቅም ማለት ነው። ጠበል ወሰድኳቸው። ልጄ ቻለችው፤ ባለቤቴ ግን ውሃው ሲነካት ከንፈሯ ጠቆረና አንድ ቀን ሳንሞላ አወጣኋት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ኅዳር ላይ የጤና ሠራተኛዋ ልጄን ልታይ መጣች። የልጄን አንገት ዳበሰች፣ የባለቤቴን ዳበሰች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«አባት፣ ምን ዓይነት ጨው ነው የሚጠቀሙት?»

«አዮዲን ያለውን። ሌላ ጨው ቤቴ ገብቶ አያውቅም።»

«ላየው?»

ልጄ ከምድጃው አጠገብ ካለው ዕቃ በማንኪያ አመጣች። የጤና ሠራተኛዋ ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አውጥታ ጨው ላይ ሁለት ጠብታ አንጠበጠበች። «አዮዲን ካለው ቀለሙ ይለወጣል» አለች። ጠበቅን። ጨው እንደ ነጣ ቀረ።

«ምንም የለውም» አለች።

ደሜ ፈላ። «ነጋዴው! ሌባ! ዛሬውኑ ሸሕዲ ገበያ ሄጄ አንገቱን ነው የምይዘው!» ጆንያውን ራሴ ጎትቼ አመጣሁ። «ይኸው ጽሑፉ! አንቢው!»

አነበበችው። ከጆንያው ቆንጥራ መዳፏ ላይ አደረገችና አንጠበጠበች። ጨው መዳፏ ላይ ጠቆረ፤ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፣ የተመታ ሥጋ የሚመስል። ልጄ ወደ ኋላ ሸሸች። የጎጃሟ ሴት ሄዳ የካምፑን ጨው በጣሳ አመጣች። እሱም ጠቆረ።

«ጆንያውና ካምፑ አንድ ናቸው» አለች የጤና ሠራተኛዋ። «የቤቱም ከዚሁ ጆንያ ነው ካላችሁኝ፣ በመካከል ምን ታደርጉታላችሁ?»

ሁሉም ያየው እኔን ነው። ቆርቆሮው ግቢው መካከል አለ፤ ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ ጨው ተሰጥቶበታል። ቀትር ነው፣ ያብረቀርቃል።

«አሳጥበዋለሁ» አልኩ።

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት።»

«ከዚያ ፀሐይ ላይ?»

«ሁለት ቀን።»

የጤና ሠራተኛዋ ጨዋ ልጅ ናት፤ አልጮኸችብኝም። አዮዲን ከጨው ፍሬ ላይ የተለበጠ ቀላል ነገር መሆኑን፣ ውሃ እንደሚያጥበው፣ ፀሐይና እሳት እንደሚያጠፋው ቀስ ብላ ነገረችኝ። የማሽላ እንጀራ ሲዘወተር ደግሞ ጉሮሮ ውስጥ ያለችው ዕጢ የባሰ አዮዲን እንደምትሻ ጨመረች። ለአንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚበቃው ተሰብስቦ የሻይ ማንኪያ አይሞላም አለችኝ። «እርስዎስ ግን እንዴት ዳኑ?» ስትለኝ መልሱ በራሴ መጣልኝ። እኔ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ምሳዬን የምበላው ኮኪት ምግብ ቤት ነው። ቆሻሻ ነው ብዬ የምንቀው የሰው ጨው እኔን አቆመኝ።

«እጣቢውንስ ምን ያደርጉታል?» አለችኝ።

«ለበሬዎቹ።»

ሁላችንም ዞረን በሬዎቹን አየን። ጥላው ሥር ተኝተው ያመሰኳሉ። ሰፈሩ ሁሉ የሚቀናባቸው፣ ቆዳቸው ቅባት የተቀቡ የሚመስል በሬዎች ናቸው።

«ታዲያማ አንገታቸው እንዴት ያምራል!» አለች የጎጃሟ ሴት።

ማንም አልሳቀም። የጤና ሠራተኛዋ ቦርሳዋን ዘግታ፣ ደብተሯን ይዛ ተነሣች፤ እስከ በሩ ሸኝተናት ስንመለስ ነው ከጋቢው ውስጥ ሳቅ የተሰማው። ያ ወፍራም፣ አሸዋማ ድምፅ ብቻውን ይስቅ ነበር። ባለቤቴ ቀልዱ ገና ያኔ ደርሷት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እኔ ግን የግቢውን በር ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

የዚያኑ ሳምንት ሁለቱንም ጎንደር ወሰድኳቸው። ደማቸው ተመረመረ፤ ሁለቱም በየቀኑ በባዶ ሆድ የሚዋጥ ትንሽ ክኒን ታዘዘላቸው። ቆርቆሮውን ከግቢው አንስቼ የጋጣውን ቀዳዳ ደፈንኩበት። ጨው አሁን የሚቀመጠው በክዳን፣ ጨለማ ውስጥ፣ ከምድጃ ርቆ ነው፤ ወጥ ውስጥም የሚጨመረው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው። ባለቤቴ በሁለት ወር ውስጥ ጋቢዋን አወለቀች። መልሷም ከጥያቄው አጠገብ መምጣት ጀመረ። ልጄ ሆዷ እየገፋ ሄደ። የቀረን ፍርሃት አንድ ነበር፤ ይኸኛው ያለቅሳል ወይስ አያለቅስም የሚል።

ሚያዝያ ላይ ወለደች። ሴት ናት፣ አለቀሰች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም ከሁሉ ነጻ የወጣሁ መስሎኝ ሄጄ ቁርቁራው ሥር ቆምኩ።

ልጅቱ በተወለደች በዘጠነኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ከባለቤቴ ጋር ራኩባው ሥር አንገረብ የምንለው የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠን ነበር። ነፋስ የለም። ከአራስ ቤቱ ውስጥ ያ ድምፅ መጣ። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ቀስ ያለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀትር ላይ የሰማሁት የባለቤቴ ድምፅ ነው፤ ባለቤቴ ግን እፊቴ አፏን ዘግታ ተቀምጣለች።

«ሰማሽ?» አልኳት።

ፊቷ ነጣ። «የእኔ ነው» አለችኝ። «ከእኔ ወጥቶ ነው የሄደው።»

ተነስተን ገባን። አልጋው ላይ ያለችው ሕፃኗ ብቻ ናት። አፏን ከፍታ ታለቅሳለች፣ በዚያ ድምፅ። ምላሷ ወፈር ብሏል፣ ሰውነቷ ልል ነው። ልጄ፣ «ደህና ናት፤ ስትተኛ ትውላለች፣ አታስቸግርም» አለችኝ። እሷ መልካም ነገር መስሏት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን እኔም ጨዋ ልጅ ናት ብዬ አመሰግን ነበር።

«ተነሺ፣ ጎንደር እንሄዳለን።»

«አባየ! ገና ዘጠኝ ቀኗ ነው! አራስ እንኳን ጎንደር ከደጅ አትወጣም፣ ያውም በቀትር!»

«ቀትሩ የሚያደርገውን አድርጎ ጨርሷል። ተነሺ።»

ጎረቤቶች ተቆጡ። አማቾቼ አራስ ያለ ወጉ ማውጣት ሞት መጥራት ነው አሉ። ባለቤቴ አልተከራከረችም፤ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ ከሁላችን ቀድማ ወጣች። ሸሕዲ ስንደርስ በጸጥታ ምክንያት መንገዱ ተዘግቷል። ሦስት ቀን አንድ ክፍል ተከራይተን ያንን ልቅሶ ስንሰማ ሰነበትን፤ ከአጠገባችን ያሉ ተሳፋሪዎች ሕፃን መሆኑን አላመኑም፣ አንዱ በሩን አንኳኩቶ «ሽማግሌ ታሞባችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀን። በአራተኛው ቀን መኪኖች ተከታትለው ሲያልፉ አብረን አለፍን።

ሐኪሙ ደሟን አይቶ ክኒኑን ከፋፍለን ቁራጩን በእናቷ ጡት ወተት እያሟሟን በየቀኑ እንድንሰጣት አዘዘ። «በዚህ ዕድሜ የሚያመጣ ሰው የለም፤ በምን አወቃችሁ?» አለን። «ድምጿን እናውቀዋለን» አለችው ባለቤቴ። ሐኪሙ፣ ሆድ ውስጥ ሳለች በመጀመሪያዎቹ ወራት የጎደለባትን መመለስ እንደማይቻል፣ ከዚህ ወዲያ ያለውን ግን ማትረፍ እንደሚቻል ነገረን። ምን ያህሉ እንደተረፈ የሚታየው ስታድግ ነው።

አሁን ዓመት ከመንፈቋ ነው። ልቅሶዋ ቀጥኗል። ግድግዳ ይዛ ትቆማለች፣ አትሄድም። ስጠራት ትዞራለች፤ ግን ትንሽ ቆይታ ነው። ያቺን ትንሽ ቆይታ በየቀኑ በልቤ እለካታለሁ። አንዳንድ ቀን ያጠረች ይመስለኛል።

እንግዲህ ልቁጠር። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ከፈለች፤ ቀጭኑ ድምጿም ተመልሶ አልመጣም፣ አሁን ያለው የሁለቱ መካከል ነው። ልጄ ቁርቁራው ሥር ያለውን ከፈለች። ሁለቱ የወሎ ልጆች የአንድ አጨዳ ሥራ አጡ። የጎጃሟ ሴት እውነት በመናገሯ ስድብ ተቀበለች፤ በሠራተኞቹ ፊት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ እሷም «በሉ ተዉት፣ ይቅርታዎ ጨው አያንሰውም» ብላኛለች። ውሻው አሁንም ካምፕ ነው። እኔ በቤቴ ውስጥ ቃሌ ያለ ጥያቄ የሚፈጸም አባት መሆኔን ከፈልኩ፤ ዛሬ የምለውን ልጄ ሌላ ሰው ሳትጠይቅ አትቀበልም፣ ደግም ታደርጋለች። ጥንቃቄ መልካም ነው፤ ጠይቆ ያልተረዳ ጥንቃቄ ግን ቤት ያፈርሳል። የሕፃኗ ድርሻ ገና አልታወቀም።

ይህን ሁሉ ያስቀር የነበረው፣ አርብ አርብ ከሳፋው ወደ በሬዎቹ ገንዳ ስገለብጠው የኖርኩት አዮዲን፣ የሁለቱ ሴቶች የሁለት ዓመት ድርሻ አንድ ላይ ቢጠራቀም ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ላይ አይተርፍም። ድምሩ ያ ነው።